«ደም በዝቶብሻል» ያልኳት ቀን፦ የደም ግፊት ቁጥርን አንብቦ ለወላጅ በትክክል ማድረስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴን ይዤ ጂፒ ዘንድ ሄድኩ። እንደ ብዙዎቻችሁ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ጨርቁን በእናቴ ክንድ ላይ ጠቅልላ ለካች፣ ደገመች፣ ከዚያ 168 በ102 ብላ ጻፈችና «ንገራት» አለችኝ። እኔ የማውቀው አማርኛ ቤት ውስጥ የሰማሁትን ነው። «እማ፣ ደም በዝቶብሻል ትላለች» አልኳት።

እናቴ ፈገግ አለች። «አልሐምዱሊላህ! ደሴ እያለሁ ደም አንሶሻል ብለውኝ ስንት ጉበት በላሁ። ይኸው ሞላልኝ» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሐኪሟ የሳቅነውን ነገር በደህና ወስዳ ኪኒን አዘዘች። እናቴ «ትንሽ አልፎ ሄዶ ከሆነ ይቀንስልኝ» ብላ 28ቱን ኪኒን በ28 ቀን ጨረሰች። ካርቶኑ ሲያልቅ ተወችው። የቁጥጥር ቀጠሮ ደብዳቤ ሲመጣ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «አብሽር ልጄ፣ ደህና ነኝ እኮ፤ ምንም አላመመኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አላመማትም ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ መነጽር ልታሠራ ሄዳ ዓይኗን የመረመራት ባለሙያ ከዓይኗ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች መጎዳታቸውን አየና ወደ ሐኪም ላካት። ደሟ ሲመረመር ኩላሊቶቿ ከአቅማቸው ከፊሉን አጥተው ተገኙ። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ኪኒኗን በየቀኑ ትወስዳለች፣ ግፊቷም ተስተካክሏል። የጠፋው የኩላሊት አቅም ግን አልተመለሰም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጅ ነበርኩ። የምጽፈው ዛሬም ከዌስትቦርን ፓርክ እስከ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከብሪክስተን እስከ ካምደን በየክሊኒኩ ከእናት ከአባታችሁ አጠገብ የምትቀመጡት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕንጻ ውሃ መስመር መሐንዲስ ነኝ። ስለ ግፊት ግን በየቀኑ አስባለሁ፤ የክንዱም የቧንቧውም ሕግ ያው ነው።

ቃሉ ራሱ ያሳስታል

ይህ ሕመም በአማርኛ የቆየ ስሙ «ደም ብዛት» ነው። ሐኪሞች «የደም ግፊት» ይሉታል፣ ሰውም አሳጥሮ «ግፊት አለብኝ» ይላል። የሚጠሩት አንድ በሽታ ነው፣ የሚስሉት ሥዕል ግን ይለያያል። «ብዛት» ሲባል የሚሰፈር ነገር ይታሰባል፤ ሞልቶ የፈሰሰ ማድጋ። አጠገቡ ደግሞ «ደም ማነስ» የሚል ቃል አለ። ስለዚህ ሰው ሁለቱን የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፎች አድርጎ ይይዛቸዋል። ከዚህም ሦስት ስህተቶች ይወለዳሉ።

አንደኛው፣ «እኔ ደም ማነስ ያለብኝ ሰው ነኝ፣ ግፊት ከየት ይመጣል?» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ «ከበዛ ይውጣልኝ» ብሎ በሒጃማ፣ አገር ቤት ዋግምት በሚባለው፣ ኪኒኑን መተካት ነው። ሒጃማ የሚያደርግ ያድርግ፤ በየቀኑ የሚወሰድን ኪኒን ግን አይተካም። ሦስተኛው፣ ማዞር ሲመጣ «ደሜ ወረደ» ብሎ ሳይለኩና ሳይጠይቁ መድኃኒት ማቆም ነው።

እውነታው እንዲህ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢልም ባይልም በሰውነቱ ውስጥ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም አለው። ደም ማነስ ማለት በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢን ማነሱ ነው፤ የሚታወቀውም ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ ነው። የደም ግፊት ደግሞ ያ ደም የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ የሚታወቀውም ክንድ ላይ በሚጠቀለል ጨርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ደም ማነስም ከፍተኛ ግፊትም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። እንዲያውም ግፊት ኩላሊትን ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ፣ የተጎዳው ኩላሊት በራሱ ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። እናቴ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ስታያቸው አንዱ የሌላው ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገራትም።

ሁለቱ ቁጥሮች

ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል እንበል፤ በቀን ከ100,000 በላይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ምት ተጨምቃ ደም ወደ ቧንቧ ትገፋለች፣ ከዚያ ለአፍታ ትፈታለች። ስትጨመቅ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወጣል፤ ከፍተኛው ነጥብ የላይኛው ቁጥር ነው። በሁለት ምቶች መካከል ስታርፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ነጥብ የታችኛው ቁጥር ነው። ሐኪሞች የላይኛውን ሲስቶሊክ፣ የታችኛውን ዳያስቶሊክ ይሉታል። 120/80 ሲባል «120 በ80» ተብሎ ይነበባል።

ልብ ስታርፍ ግፊቱ ለምን ወደ ዜሮ አይወርድም? ጤነኛ የደም ቧንቧ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ልብ ስትገፋ ይሰፋል፣ ስታርፍ ይሰበሰብና ደሙን ወደፊት ይገፋል። ዕድሜ ሲጨምር ቧንቧው እየደረቀ ይሄዳል፣ መለጠጡን ይተዋል። በዚያን ጊዜ የላይኛው ቁጥር ብቻውን ከፍ ሊል ይችላል። አያቶቻችን ላይ 165/75 የመሰለ ቁጥር ስታዩ «የታችኛው ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉት። አንዱ ብቻ ከልክ ካለፈም ከፍተኛ ግፊት ነው።

ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ምንድን ነው?

120 ሲባል 120 ምን? መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ማለትም በክንዳችሁ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ 120 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ሊያነሳ ይችላል። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ሜርኩሪው በውሃ ቢተካ 1 ሜትር ከ63 ሴንቲሜትር ይቆማል፤ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ማለት ነው። የእናቴን 168 ያህል ቢሆን ደግሞ ውሃው ከ2 ሜትር ከ28 ሴንቲሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ይህን ልዩነት ቀንና ሌሊት የሚሸከሙት የአንጎል፣ የዓይንና የኩላሊት ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው።

ይህ ታሪክ ከከተማችንም ከዲናችን ሊቃውንትም የራቀ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢብን አን-ነፊስ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል መሆኑን ጻፈ። በ1628 የለንደኑ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደም በመላው ሰውነት እንደሚዘዋወር አሳተመ። በ1733 ደግሞ የቴዲንግተን ቄስ የነበረው ስቴፈን ሄልስ በፈረስ የደም ቧንቧ ላይ ቱቦ ተክሎ ደሙ 2 ሜትር ተኩል ያህል ሲወጣ እንዳየ ጻፈ። ሥጋ ሳይወጋ በክንድ ላይ በሚጠቀለል ጨርቅ መለካት የመጣው በ1896 በጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ያለው ባለባትሪ መሣሪያ ሜርኩሪ የለውም፣ ስሙ ግን ከመለኪያው ጋር ቀርቷል።

የትኛው ቁጥር ምን ይላል?

እዚህ አገር በኤን ኤች ኤስ የሚሠራባቸው ዋና ዋና መስመሮች እነዚህ ናቸው።

- ከ90/60 በታች፦ ዝቅተኛ ግፊት ይባላል። ማዞርና ራስን መሳት ከሌለው ለብዙ ሰው ችግር አይደለም።
- ከ90/60 እስከ 120/80፦ ተመራጩ ነው።
- ከ120/80 በላይ ሆኖ ከ140/90 በታች፦ በሽታ አይደለም፣ ግን መንገዱ ወደዚያ እንዳይሄድ የምንጠነቀቅበት ነው።
- ክሊኒክ ውስጥ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ፦ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ልኬት ይፈልጋል።
- ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ፦ ከፍተኛ ነው።
- 180/120 ወይም ከዚያ በላይ፦ አስቸኳይ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ለሆኑ መስመሩ ትንሽ ይለያል፤ ክሊኒክ ውስጥ 150/90፣ ቤት ውስጥ 145/85 ነው። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ የራሳቸው መስመር ሊኖራቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የቤቱ ቁጥር ከክሊኒኩ ለምን በ5 ያንሳል? ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወጣል። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ መስመሩ ላይ ተቆጥሯል።

አንድ ልኬት ፍርድ አይደለም

እኛ መሐንዲሶች በአንድ ንባብ ብቻ ፓምፕ አንቀይርም። የሰው ግፊትም በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ደረጃ ስትወጡ፣ ስትቆጡ፣ አውቶቡስ ሲያመልጣችሁ ይጨምራል፤ ስትተኙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ በአንድ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ «በሽታ ነው» የማይለው። ወይ በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ የሚለካ መሣሪያ ለ24 ሰዓት ያስራል፣ ወይ ቤት ውስጥ ለኩ ይላል። የቤቱ አለካክ ሥርዓት ይህ ነው፦ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል አንድ ደቂቃ ማረፍ፤ ቢያንስ ለ4 ቀን፣ ቢቻል ለ7 ቀን። የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀሩት አማካይ ይወሰዳል።

እናንተ ለወላጆቻችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በትክክል ካልተለካ ግን ቁጥሩ ይዋሻል። እንዲህ አድርጉ፦

1. መሣሪያው በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠቀለል ይሁን፤ በእጅ አንጓ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። ከመግዛታችሁ በፊት የብሪታንያና የአየርላንድ የደም ግፊት ማኅበር ባረጋገጣቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ።
2. የጨርቁ መጠን ከክንዱ ጋር ይስማማ። ክንዷ ወፈር ላለች እናት ጠባብ ጨርቅ ከእውነቱ በላይ ቁጥር ይሰጣል።
3. ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ጠንካራ እንቅስቃሴ አይኑር። አቦሉን ጠጥተው ቶናውን እየጠበቁ መለካት ቁጥሩን ያሳስታል።
4. ሽንት ቤት ደርሰው፣ 5 ደቂቃ ጀርባቸውን ተደግፈው ይቀመጡ። እግር አይነባበር፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ።
5. ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ ይረፍ። ክንዱ ከልብ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል ቁጥሩ ወደ 8 ይጨምራል፣ ከፍ ቢል ያን ያህል ይቀንሳል። ይህ የውሃ መስመር ሕግ ነው፤ ከታች ፎቅ ያለው ቧንቧ ከላይኛው ይልቅ ይገፋል።
6. ጨርቁ በቆዳ ላይ እንጂ በልብስ ላይ አይጠቅለል። እጅጌን ወደ ላይ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅም ያሳስታል። እናቶች ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው ቢሄዱ፣ ሴት ባለሙያ ብትለካቸውም ብለው ቢጠይቁ ነውር የለውም።
7. ሲለካ ዝም ይባል። ከአገር ቤት ስልክ እያወሩ መለካት አይሆንም።
8. መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር በሚሰጠው ክንድ ቀጥሉ።
9. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሁለቱንም ቁጥሮች እንዳሉ ጻፉ። «ይሄ ከፍ አለ» ብላችሁ አትዝለሉ።

የልብ ምታቸው ሥርዓት ለሌለው ሰው ባለባትሪ መሣሪያ ሊሳሳት ስለሚችል በባለሙያ ማስለካት ይሻላል።

መሣሪያ የሌላችሁ አትቸገሩ። በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በብዙ ፋርማሲዎች በነጻ ይለካሉ። ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉትም በየ5 ዓመቱ የሚደረግ ነጻ የጤና ምርመራ አለ፤ የጥሪ ደብዳቤው ቤት ሲመጣ ሳታነቡት አትጣሉት።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ

ቁጥሩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አትደናገጡ፣ ግን አትተዉት። ሰውየው ደህና ከሆነ 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙ። ያው ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጂፒ ወይም ወደ 111 ደውሉ።

ከቁጥሩ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም መቀባዠር ካለ ለ999 ደውሉ። ፊት በአንድ በኩል ከወደቀ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደግሞ መለኪያ አትፈልጉ፤ ይህ የስትሮክ ምልክት ስለሆነ ቁጥሩ ምንም ይሁን ወዲያው 999 ነው። አገር ቤት የፊት መውደቅን «ምች ነው» የሚሉ አሉ። ምች ነው እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ከአንጎል የሚቀነስ ነው።

ምን ብላችሁ ታስተረጉማላችሁ?

የሌላን ሰው ቃል ማድረስ አማና ነው፤ የጤና ቃል ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። ከ14 ዓመቱ ልጅ አፍ ቢወጣ የምመኘው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «እማ፣ ደምሽ አልበዛም። ደምሽ በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ከልክ በላይ እየገፋ ነው። አይታመምሽም፣ ግን ውስጥ ውስጡን ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንንና ኩላሊትን ይጎዳል። ኪኒኑ በየቀኑ ነው፤ ካርቶኑ ሲያልቅ ሌላ ይታዘዛል።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨምሩ፦ «እስቲ የገባሽን መልሰሽ ንገሪኝ።» እናቴን ያኔ ይህን ብጠይቃት ኖሮ ጉበቱን ታነሳልኝ ነበር፣ ሐኪሟም ስህተቱን ትደርስበት ነበር።

ቁጥሩን ወደ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ወይም «ደህና ነው» አትቀይሩት። ወላጅ እንዳይደነግጥ ብለን እናለሳልሳለን፤ በማለሳለሳችን ግን ውሳኔውን እኛው ወሰንንለት ማለት ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች ንገሯቸው፣ በወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉላቸው። እናቶቻችን የልጆቻቸውን የልደት ቀን፣ የዕድር መዋጮውን፣ የአገር ቤቱን ምንዛሪ በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለት ቁጥር አይከብዳቸውም።

ሸክሙም የእናንተ ብቻ አይደለም። ክሊኒኮች ለታካሚው ያለክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገናል» በሉ። ታናናሾቻችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለዚህ ሥራ አትላኩ። እናት በልጇ ፊት የማትናገረው የጤና ጉዳይም ይኖራታል።

ኪኒኑን ለምን ያቆማሉ?

ሰዎች ኪኒን የሚያቆሙት በግዴለሽነት ብቻ አይደለም። አንዱ ምክንያት ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንኩ» ማለት ነው። ቁጥሩ የተስተካከለው ግን ኪኒኑ ስላለ ነው። በሕንጻ ላይ የውሃ ግፊት መቀነሻ መሣሪያ ሲገጠም መለኪያው መልካም ቁጥር ያሳያል፤ መልካም አሳየ ብለን መሣሪያውን አንነቅልም።

ሌላው ምክንያት የጎንዮሽ ጉዳት ነው። እዚህ አገር ትውልዳቸው አፍሪካዊ ለሆኑ፣ የስኳር ሕመም ለሌለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው አምሎዲፒንን የመሰለ መድኃኒት ነው። አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣል። ራሚፕሪል የሚባለው ደግሞ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። እናት እግሯ ሲያብጥ «ይሄ መድኃኒት ሊገድለኝ ነው» ብላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፣ ለሐኪም ግን አትናገርም። መድኃኒቱ ብዙ ዓይነት ስለሆነ ሊቀየርላት ይችላል። የእናንተ ሥራ «ትወስጂያለሽ ወይ?» ብሎ መቆጣጠር ሳይሆን «ሲወስዱሽ ምን ይሰማሻል?» የሚለውን ያህል በርኅራኄ «ስትወስጂው ምን ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የጎረቤትን ኪኒን መዋስ፣ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ የመጣን ሳይጠይቁ መጨመር አደገኛ ነው። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ጽንስን ይጎዳል። ለጉልበት ሕመም የሚወሰደው አይቡፕሮፌን ግፊት ሊጨምር ይችላል። በውሃ የሚሟሟ ፓራሲታሞልም ብዙ ሶዲየም አለበት። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሽፈራው በገበታ ላይ ምግብ ናቸው፤ በኪኒን ቦታ ግን አይቆሙም።

ገበታው፣ ቡናውና ጫቱ

ጨው በሰውነት ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውም ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ከ6 ግራም ያልበለጠ ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ። ችግሩ ጨው የምንጨምርበት ቦታ ብዙ መሆኑ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና፣ ሾርባ ማጣፈጫ ኩቡ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤትም አለ። እናቴ ያደረገችው ቀላል ነበር፦ በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ወጡን አንዴ ብቻ ማጨው፣ ኩቡን መተው። ለሁለት ሳምንት አልጫ መሰለን፣ ከዚያ ምላሳችን ለመደ።

ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ብሪታንያ ውስጥ ከሰኔ 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚቅም ዘመድ ካላችሁ ቢያንስ ሐኪሙ እንዲያውቀው አበረታቱት፤ ቁጥሩ ያለምክንያት የወጣ መስሎት መድኃኒት እንዳይደራርብበት።

ረመዳን

መለካት ክንድን ከውጭ መጫን ብቻ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ ጾመኛ እናት ለመለካት መግሪብን መጠበቅ የለባትም።

ኪኒኑ ሌላ ነው። ብዙ የግፊት መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰድ ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻል ይሆናል። ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ግን ጾመኛን ውሃ ሊያስጠማና ግፊቱን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ሰዓቱን ራሳችሁ አትቀይሩ፤ ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ ጂፒውን ወይም ፋርማሲስቱን አማክሩ። የብሪታንያ እስላማዊ የሕክምና ማኅበር ለጾመኞችና ለሐኪሞች የሚያዘጋጀው መመሪያም አለ፤ ሐኪማችሁ ጾምን የማያውቅ ከሆነ አሳዩት።

አላህ ለበሽተኛ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያሻግር በሱረቱል በቀራህ ፈቅዷል። አዛውንቶቻችን ይህን ሩኽሳ መውሰድ እንደ ሽንፈት ይመስላቸዋል። ሐኪሙ «አትጹሙ» ካለ ጉዳዩን ወደ ኢማሙ ውሰዱት፤ ከልጅ አፍ ይልቅ ከኢማሙ ሲሰሙት ልባቸው ያርፋል።

የእናንተስ ቁጥር?

እስካሁን ስለ ወላጅ አወራን። ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ከሦስት አዋቂ አንዱ ገደማ ከፍተኛ ግፊት አለበት፤ ትውልዳቸው አፍሪካዊ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። በዘር የሚወረስ ነገርም አለው። እናት ወይም አባታችሁ ግፊት ካለባቸው ቁጥራችሁን በ20ዎቹ ማወቅ ብልህነት ነው። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስዱ እህቶች አንዳንዱ ዓይነት ግፊት ስለሚጨምር መለካታችሁን አትርሱ። ኢነርጂ ድሪንክ እየጠጣችሁ ሌሊት የምታጠኑም ራሳችሁን ፈትሹ።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወደ ቤት ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ «እማ፣ አባባ፣ የመጨረሻው ግፊታችሁ ስንት ነበር?» መልሱ «ደህና ነው» ከሆነ ቁጥር አይደለም። «ኪኒኑን ጨርሼዋለሁ» ከሆነ ደግሞ የእናቴን ታሪክ አስታውሱ፣ ያን ሳምንት ሳያልቅ ወደ ፋርማሲ ውሰዷቸው።

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያን ይስጣቸው፣ ለታመሙት ሺፋ ያውርድላቸው፣ እኛንም የተሰጠንን ቃል በትክክል ከሚያደርሱት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።